የሮኬት ነዳጅ ስሌት፦ ከጅማ ቢመጥቅስ?

ሳተላይት ወደ ምህዋር ማድረስ ላይ ዋናው ጣጣ ከፍታው ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ትደርሳለች፤ ይህ ለሮኬት ኢምንት ነው። ዝቅተኛ ምህዋር ላይ ያለ ሳተላይት በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከንፋል። በዚህ አካሄድ ከጅማ አዲስ አበባ ያለው 350 ኪሎ ሜትር በ45 ሰከንድ ያልቃል። የመሬት ስበትና አየሩ የሚበሉት ሲታከልበት ሒሳቡ በሰከንድ ወደ 9.4 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ነዳጁን የምናሰላበትን ቀመር እ.ኤ.አ. በ1903 ያሳተመው ሩሲያዊው መምህር ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ ነው። የሚፈለገው ፍጥነት ጋዙ ከሞተሩ በሚወጣበት ፍጥነት ይካፈላል። ከዚያ 2.718 የተባለው የሒሳብ ቋሚ ቁጥር በውጤቱ ርቢ ከፍ ይላል። የሚመጣው ቁጥር ነዳጅ የሞላው ሮኬት ከባዶው ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይነግረናል።

ርቢ ለምን አስፈለገ? ከጅማ ቡና ጭኖ የሚነሳ አይሱዙ ወልቂጤ ላይ ነዳጅ መሙላት ይችላል። ሮኬት ግን ማደያ የለውም፤ ነዳጁን ከነኦክስጅኑ ተሸክሞ ይነሳል። መጨረሻ ላይ የሚነደውን ለመሸከም ሌላ ነዳጅ ያስፈልጋል፣ ያንን ለመሸከም ደግሞ ሌላ።

እስቲ እናስላው። ኬሮሲን በፈሳሽ ኦክስጅን ሲነድ ጋዙ በሰከንድ 3.3 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣል። 9.4 ለ3.3 ሲካፈል 2.85፤ 2.718 በ2.85 ርቢ 17.3። ስለዚህ ለ1 ቶን ባዶ ክብደት 16.3 ቶን ነዳጅና ኦክስጅን ይፈለጋል። ያ 1 ቶን ደግሞ ታንከሩንና ሞተሩንም ይጨምራል፤ ለሳተላይቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ባዶ ታንከር መንገድ ላይ እየተጣለ የሚኬደው ለዚህ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ይሁን ካልን 17.3 በራሱ ይባዛል፣ ወደ 300 ይደርሳል። በሃይድሮጅን ከሆነ የጋዙ ፍጥነት በሰከንድ 4.4 ኪሎ ሜትር ስለሚደርስ 17.3 የነበረው ወደ 8.5 ይወርዳል፤ ግን ሃይድሮጅን ቀላል ስለሆነ ግዙፍ ታንከር ይጠይቃል።

ጅማ አንድ ጥቅም አላት። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ምድር ስትሽከረከር በሰከንድ ወደ 460 ሜትር ወደ ምሥራቅ ይዛት ትሄዳለች፤ በካዛክስታን ባለው የሮኬት ማምጠቂያ፣ ባይኮኑር፣ ይህ 323 ሜትር ገደማ ነው። 460 ሜትሩ (0.46 ኪሎ ሜትር) ከ9.4 ላይ ሲቀነስ 17.3 ወደ 15 ይወርዳል። በ2012 ዓ.ም. ከቻይና ለመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ግን ይህ አይጠቅማትም ነበር፤ የእሷ ምህዋር በዋልታዎቹ በኩል ነውና።

ችግሩ ከጅማ በስተምሥራቅ ሆሳዕናና ሌሎች ሕዝብ የበዛባቸው አካባቢዎች መኖራቸው ነው። የሚጣለው ታንከር ደግሞ የሆነ ቦታ መውደቁ አይቀርም። ብዙዎቹ ማምጠቂያዎች ባሕር ጠረፍ ላይ የተሠሩት ለዚህ ነው።