ሠርገኛ መጣ፣ ሻንጣ ክፈቱ፦ ከአጭር የብርድ ወቅት ጉዞ በፊት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው የብርድ ወቅት ከታላቅ እህቴ ጋር ለሦስት ሌሊት ወደ ውጭ ሀገር ልንሄድ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። በረራው ዓርብ ማታ ስለሆነ ቀኑን ተዝናንተን ውለናል። ሻንጣው አልጋው ላይ አፉን ከፍቷል። ውስጡ አሥራ አንድ ጥንድ ካልሲ፣ አራት ሹራብ እና አንድ የመዋኛ ልብስ አለ። በረዶ ወዳለበት ከተማ እየሄድን የመዋኛ ልብስ ማን እንደከተተ ብጠይቅ መልስ የሰጠኝ የለም።

ሻንጣው አልዘጋ ሲለን እህቴ ላዩ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ዚፑን እጎትታለሁ። ዚፑ የሹራብ እጅጌ ነክሶ ቀጥ አለ። እሷ እዚያው እንደተቀመጠች ቼክ ኢን ልታደርግ ስልኳ ላይ ትኬቱን ከፈተች። ዝም አለች። ከዚያ "ዓርብ 00:20 ማለት መቼ ነው?" አለችኝ።

"ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ" የተባለው ለእኛ ነው። ስምንት ሰዓት ብቻ ቀርቶናል። በእነዚያ ሰዓታት የተከራከርንባቸውን፣ በኋላም ሳጣራቸው ስህተት ሆነው ያገኘኋቸውን ነገሮች ልንገራችሁ። ለነገሩ ሻንጣው አልነበረም ጉድ የሠራን። "ይሄንንማ አውቀዋለሁ" ማለታችን ነው።

"ትኬቱ ዓርብ ካለ፣ ዓርብ ማታ ነው"

አይደለም። 00:20 ማለት ዓርብ ከገባ ገና ሃያ ደቂቃው ነው። ከቤት የሚወጣው ሐሙስ ማታ ነው። አንዳንዱ ትኬት ደግሞ 12:20 ኤኤም ብሎ ይጽፈዋል፤ እሱ ጭራሽ የቀትር በረራ ይመስላል። አሁን እኔ ስልኬ ላይ የምመዘግበው የበረራውን ሰዓት አይደለም፤ ከቤት የምወጣበትን ቀንና ሰዓት ነው። ትኬት ላይ ያለው የመነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው ሰዓት ደግሞ የመድረሻው ከተማ መሆኑንም አትርሱ። ሁለቱን ቀንሶ "በረራው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው" ብሎ የተደሰተ ሰው አውቃለሁ።

"ቪዛ አለኝ፣ ፓስፖርቴም አላለፈበትም፣ በቃ"

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ይጠገናል፤ ይህ ግን አይጠገንም።

ፓስፖርቱ ዛሬ የሚሠራ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ብዙ ሀገሮች ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርት ይጠይቃሉ። በአንድ የጋራ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ ሀገሮች፣ የሼንገን ሀገሮች የሚባሉት፣ ሕጋቸው ለየት ይላል። ከሌላ ሀገር የሚመጣ መንገደኛ ከዚያ ከሚወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርት መያዝ አለበት። ፓስፖርቱ የተሰጠውም ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ መሆን አለበት። ቀድሞ የሚፈትሻችሁ ደግሞ የድንበር ፖሊስ እንዳይመስላችሁ። አየር መንገዱ ነው። ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ቢወስድ ቅጣቱም የመመለሻው ወጪም እሱ ላይ ስለሚወድቅ፣ ገና ሻንጣ ስታስመዝኑ ያስቀራችኋል።

ሌላው "ከኤርፖርት ሳልወጣ አውሮፕላን ብቻ ነው የምቀይረው፣ ቪዛ ለምኔ" የሚለው ነው። የሼንገን ሀገሮች በጋራ ባወጡት ዝርዝር ውስጥ ካሉት 12 ሀገሮች የአንዱን ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ፣ ሌላ የሚያስፈቅድለት መኖሪያ ፈቃድ ወይም ቪዛ ከሌለው፣ በኤርፖርቱ ለማለፍም የትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። ርካሽ ትኬት ሲገኝ የሚረሳው ይሄ ነው። ትኬቱ የረከሰው ሁለት ቦታ ስለሚያርፍ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ጉዳይ "የመጨረሻ ደቂቃ" የሚባል ነገር የለም። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ቢያንስ 15 ቀን ቀደም ብሎ መግባት አለበት። ለቪዛው የሚጠየቀው የጉዞ ጤና መድንም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። በመጨረሻው ማታ የሚቻለው ማረጋገጥ ብቻ ነው። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰላል? የአባት ስም ቦታውን ስቶ አልገባም? ሻንጣ ከመክፈታችሁ በፊት ይሄን እዩ። እኛ ያየነው መጨረሻ ላይ ነው፣ ደግነቱ ደህና ነበር።

"የምንነሳው 00:20 ከሆነ፣ 00:10 ጌት ላይ ከደረስን ደረስን"

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት አውሮፕላኑ የሚንቀሳቀስበት እንጂ በሩ የሚዘጋበት አይደለም። የመሳፈሪያው በር ቀድሞ ይዘጋል። ሻንጣ መቀበያው ደግሞ ከዚያም በፊት፣ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ሲቀር ይዘጋል። በስልክ ቼክ ኢን ማድረግ ወረፋ ይቀንሳል እንጂ እነዚህን ሰዓቶች አያራዝምም።

"መሄጃው ቢያመልጠኝ ሌላ ትኬት ገዝቼ እሄዳለሁ፣ በመመለሻው እመለሳለሁ" የሚልም አለ። ደርሶ መልስ በአንድ ትኬት ከተቆረጠ አብዛኞቹ አየር መንገዶች መሄጃውን ያልተሳፈረ ሰው መመለሻውንም ይሰርዙበታል። ካመለጣችሁ መጀመሪያ ወደ አየር መንገዱ ደውሉ።

"ግማሽ ብቻ ስለቀረው ያልፋል"

እህቴ 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የሎሽን ጠርሙስ ይዛ ነበር። ውስጡ የቀረው ከታች ጣት የማትሞላ ነገር ናት። ተወሰደባት። የሚታየው የዕቃው መጠን ነው፣ የቀረው ሎሽን አይደለም። ደንቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2006 በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላኖችን የማፈንዳት ሴራ ለንደን ላይ ከተደረሰበት በኋላ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር አይብለጥ፣ ሁሉም አንድ ሊትር በምትይዝ ውስጧ የሚታይ ከረጢት ይግባ ይላል። ፈሳሽ ሲባል የጥርስ ሳሙና፣ ጄል፣ ክሬም፣ ማስካራም ይቆጠራል። ሲነቀነቅ በረዶ የሚዘንብባት ያቺ የመስታወት ኳስ እንኳ ፈሳሽ ናት! ከብርድ ሀገር ስትመለሱ በእጅ ሻንጣ ይዛችኋት ብትመጡ ፍተሻ ላይ ልትቀር ትችላለች።

"አሁን እኮ ቀርቷል" የሚሉም እውነት አላቸው። አዳዲስ የፍተሻ ማሽን ያስገቡ አንዳንድ ኤርፖርቶች ደንቡን አላልተዋል። ግን የምትሄዱበት ቢያላላ የምትመለሱበት ላያላላ ይችላል። የሁለቱንም እዩ።

"ፓወር ባንክ ከባድ ነው፣ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይግባ"

በፍጹም። ሊቲየም ባትሪ እሳት ሊነሳበት ስለሚችል ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ ከሰው ጋር ካቢን ውስጥ ነው የሚሄደው። እዚያ ቢጨስ የሚያይ ሰው አለ። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚቻለው እስከ 100 ዋት ሰዓት (Wh፣ የባትሪ አቅም መለኪያ) ነው። ላዩ ላይ ያለውን ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) በ3.7 አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ነው። 20,000 የሚል ከሆነ 74 ይመጣል፣ ያልፋል። ከ100 እስከ 160 ያለው አየር መንገዱን ማስፈቀድ ይፈልጋል። በሩ ላይ "ቦታ ሞልቷል፣ የእጅ ሻንጣችሁን ስጡን" ካሏችሁ ፓወር ባንኩን አውጥታችሁ ነው የምትሰጡት።

"ዋናው ወፍራም ካፖርት ነው"

የሻንጣችን ጦርነት ሁሉ በዚህ የተነሳ ነው። አራት ሹራብ የከተትነው ስለ ብርድ በተሳሳተ መንገድ ስላሰብን ነው።

የሚያሞቀን ጨርቁ ራሱ አይደለም፣ በልብሶቹ መሃል የሚያዘው አየር ነው። ስለዚህ አንድ በጣም ወፍራም ነገር ከመልበስ ሦስት ቀለል ያሉ መደረብ ይሻላል። ከውስጥ ሰውነት ላይ ልጥፍ የሚል ሱፍ ወይም ላብ የሚያሳልፍ ልብስ፣ መሃል ላይ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ጃኬት። የከተማ ጉዞ ባቡር ውስጥ፣ ሙዚየም ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ መግባትና መውጣት ነው። ውስጥ ያልባችኋል፣ ውጭ ያ ላብ ይቀዘቅዛል። የጥጥ ቲሸርት እዚህ ላይ ነው የሚከዳችሁ፤ ላቡን ይዞ ይቆያል።

ነፋስን አትናቁ። የአየር ትንበያው 0 ዲግሪ ካለና ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሆነ ፊታችሁ ላይ የሚሰማው ከዜሮ በታች 6 ገደማ ነው። ትንበያ ስታዩ ከዲግሪው ቀጥሎ ነፋሱን እዩ።

"ከሰውነት ሙቀት ግማሽ ያህሉ የሚወጣው በራስ ነው" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ የአሜሪካ ጦር መመሪያ ከ40 እስከ 45 በመቶ ብሎ ጽፎት ነበር። የአዋቂ ሰው ራስ ግን ከሰውነቱ ገጽ አሥር በመቶ ገደማ ነው፣ የሚያወጣውም ሙቀት ወደዚያው የተጠጋ ነው። ኮፍያው ይምጣ፣ ጆሮ ያድናል። ግን ኮፍያ ስላረጋችሁ ስስ ሱሪ አያዋጣም።

አሥራ አንድ ጥንድ ካልሲ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው፣ አምናለሁ። ሁለት ሁለት እየደረብኩ ልለብስ ነበር። ጫማው ካልሰፋ ሁለት ካልሲ እግር ያቀዘቅዛል። ጫማው ይጠብቃል፣ የሚያሞቀው አየር ይጠፋል፣ ደምም እንደ ልብ አይዘዋወርም። አንድ ጥሩ የሱፍ ካልሲ ጣት በሚያንቀሳቅስ ጫማ ውስጥ ይበልጠዋል። ጫማውም በዋዜማው የተገዛ አዲስ አይሁን። በበረዶ ላይ ተረከዙ ተልጦ የሚያነክስ ሰው ከተማ አይጎበኝም፣ ወንበር ነው የሚፈልገው።

ካፖርቱንና ከባዱን ጫማ አትክተቱ፤ ለብሳችኋቸው ሂዱ። ልብስ መጠቅለልም ሆነ አየሩን በሚያስወጣ ላስቲክ ማሸግ ቦታ ይቆጥባል፣ ኪሎ ግን አይቀንስም። ሚዛን አይታለልም።

"አንድ ሁለት ብርጭቆ ካሞቀን ምን ችግር አለ"

ሙቀቱ ስሜት ብቻ ነው። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል። ደሙ ወደ ቆዳ ሲመጣ ሞቅ ይላችኋል፣ የውስጥ ሙቀታችሁ ግን በዚያው ይወጣል።

"ስልኬ መቶ በመቶ ሞልቷል"

በብርድ ውስጥ 40 በመቶ ላይ እያለ ድርግም ሊል ይችላል። የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ኃይል መስጠት ይከብደዋል፤ ሲሞቅ መልሶ ይነሳል። ከጃኬቱ በውስጥ በኩል ባለ ኪስ ያዙት። ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ፣ የሆቴሉን አድራሻም ወረቀት ላይ ጻፉት። ሳቁብኝ፣ ግን ያችን ወረቀት ለታክሲ ሹፌር ያሳየሁት እኔ ነኝ።

"ሦስት ሙሉ ቀን አለን"

የላችሁም። በታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ ለንደን ውስጥ ፀሐይ የምትታየው ከ8 ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው። ስቶክሆልም 6 ሰዓት ገደማ ነው፣ ሬይክያቪክ ደግሞ 4 ሰዓት ገደማ። ከቤት ውጭ የሚታየውን ጠዋት፣ ሙዚየሙን ከጨለመ በኋላ ማድረግ ነው። የሚዘጋበትን ቀንም እዩ፦ ፓሪስ ውስጥ የሉቭር ሙዚየም ማክሰኞ፣ የኦርሴ ሙዚየም ደግሞ ሰኞ ይዘጋል። ለንደን ውስጥ ዲሴምበር 25 ቀን የምድር ባቡርም አውቶቡስም አይሠራም።

የኤርፖርቱን ስምም አትመኑ። ፓሪስ ቦቬ ከፓሪስ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስቶክሆልም ስካቭስታ ከስቶክሆልም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ከሦስት ቀን ላይ ግማሽ ቀን እንደዋዛ አውቶቡስ ውስጥ ይሄዳል።

"ማሽኑ በራሴ ሀገር ገንዘብ ካሰላልኝ ይሻለኛል"

ኤቲኤም ወይም የሱቅ ማሽን "በካርድህ ገንዘብ ልቁረጥ?" ሲል ደግነት ይመስላል። ምንዛሪውን የሚተምነው ግን እሱ ነው፣ ብዙ ጊዜም ትርፉን ጨምሮበት። የሀገሩን ገንዘብ ምረጡ።

"ምንም ነገር መርሳት የለብንም"

ይሄ ነው እንቅልፍ ያሳጣን። የጥርስ ብሩሽ፣ ጓንት፣ ቻርጀር፣ ሻርፕ የትም ከተማ ይገዛል። የማይገዛው ትንሽ ነው፦ ፓስፖርት፣ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት በራሱ ማሸጊያ፣ መነጽር፣ ካርድ። እነዚህ በእጅ ሻንጣ ይሁኑ፤ ትልቁ ሻንጣ ቢዘገይም እናንተ አትዘገዩም።

እኛ በመጨረሻ ስድስት ጥንድ ካልሲና ሁለት ሹራብ አውጥተን ጣልን። ዚፑ ያለ ትግል ተዘጋ። በሩ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ተሳፈርን። ሆቴሉ ስንደርስ እንግዳ ተቀባዩ ቁልፍ እየሰጠን ምድር ቤት ሙቅ የመዋኛ ገንዳ እንዳለ ነገረን። እህቴ ወለሉን እያየች ፈገግ አለች። የመዋኛ ልብሱ የእሷ ልክ ነበር።