የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፦ ብብቱ ባዶ ለሆነ ሰው አይተረትም

ሰሞኑን ጅማ አጂፕ አካባቢ ኳስ የምናይበት ቤት ጨዋታው እስኪጀምር ቁጭ ብለን አንዱ ልጅ ካናዳ ያለ ወንድሙ የላከለትን የበረዶ ሆኪ ቪዲዮ ያሳየናል። ሮን ሄይንዚ የሚባል አሜሪካዊ የቀድሞ ተከላካይ ነው፣ ልጁ ደግሞ ሰውዬው የተጫወተባቸውን ከተሞች ከስልኩ ላይ መቁጠር ጀመረ፤ ሞንትሪያል፣ ኮለምበስ፣ አትላንታ፣ ዊኒፔግ፣ ካሮላይና፣ ፒትስበርግ፣ ቶሮንቶ፣ ኦታዋ። ቆጥሮ ሳይጨርስ ከጥግ አንዱ "በቃ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው፣ አንድ ቦታ አርፎ አይቀመጥም እንዴ?" አለና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን አንጀቴ አረረ። በረዶ ለኛ ክረምት ላይ ቆርቆሮ ከመደብደብ ያለፈ ነገር ስላልሆነ ስለ ጨዋታው ባያውቅ አልፈርድበትም፣ ተረቱን ግን እንዴት?

ትርጉሙን ለማንም አላስረዳም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግን ከኛ መሀል ቆጥ ላይ እጁን የዘረጋ ስንቱ ነው? ልጅ ሆኜ ክረምት የማሳልፈው በሰቃ መንገድ አክስቴ ቤት ነበር። ከምድጃው በላይ በሐረግ የታሰረ የእንጨት ርብራብ አለ፣ ጭሱ ቀን ከሌት እየመታው ጥቀርሻው እንደ ቀለም የተቀባ ያብለጨልጫል፣ ቆጥ እሱ ነው። ለዘር የተመረጠው በቆሎ ሽፋኑ ወደ ኋላ ተገልብጦ ሁለት ሁለቱ እየተቋጠረ እዛ ላይ ይሰቀላል፣ ጭስ የጠጣ በቆሎ ነቀዝ አይደፍረውም። ሰኔና ሐምሌ ቤት ውስጥ እህል ሲሳሳ እንኳን ያንን በቆሎ ቀና ብሎ የሚያይ ልጅ ይቆጡት ነበር። ከጎኑ ቅሉ አለ፣ ሰፌዱ አለ፣ ከልጅ እጅና ከአይጥ የሚሸሸግ ነገር ሁሉ እዛ ነው። የቤቱ ባንክ ነው በቃ።

አክስቴ ከዛ ላይ ነገር ስታወርድ ያቺን ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች የጅማ በርጩማ ታስጠጋና ትወጣባታለች። እጇ ባዶ ሆኖ አያውቅም፣ ሁሌ ብብቷ ስር የሆነ ነገር ሸጉጣለች፣ ሥራ የሚበዛባት ሴት መቼ ዕቃ አስቀምጣ ዕቃ ታነሳለች። እና አንድ ነገር ልብ ብዬ አይቻለሁ፤ ሰው በአንድ እጁ ከራሱ በላይ ሲንጠራራ ወገቡ ይሳባል፣ ትከሻው ያዘነብላል፣ ያኛው ክንድ ሳይታወቀው ከጎኑ ላላ ይላል። ጣቷ ርብራቡን በነካበት ቅጽበት ነው ብብቷ የሚከፈተው። ካላመናችሁ ስልካችሁን ብብታችሁ ስር አድርጋችሁ ቁምሳጥን ላይ ተንጠራሩ (ምንጣፍ ያለበት ቤት ይሁን)። ተረቱን የፈጠረው ሰው ይሄንን በዓይኑ ያየ ነው፣ ቁጭ ብሎ የፈላሰፈው አይደለም።

አሁን ወደ ራሴ ቲዎሪ ልግባ። ብብቷ ስር የነበረው ምንድነው? አንዳንዱ ዶሮ ነው ይላል፣ ዶሮም ቆጥ ላይ ስለምታድር፣ ንጋት ላይ ለገበያ አንዷን ሸጉጣ ሁለተኛዋን ልታወርድ ስትል የመጀመሪያዋ ሄደችባት ነው የሚሉት። ደስ ይላል ግን አይሆንም፣ ዶሮ ብትሆን "አመለጠቻት" ነበር የሚባለው። እንቁላል ነው ያለኝም ሰው አለ፣ እሱን ተዉት፣ እንቁላል በብብት የሚይዝ ማነው? እኔ የምለው ቅል ነው፣ ያውም ቅቤ ያለበት፣ ያውም የገበያ ቀን። የጅማው ሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፣ ከገጠር የምትመጣ ሴት ሌሊት ተነስታ የምትሸጠውን ሸጉጣ በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ "እስቲ ትንሽ ልጨምርበት" ብላ ወደ ቆጡ ስትመለስ ቅሉ ወደቀ፣ ቅል ደግሞ አንዴ ከወደቀ ወደቀ ነው። ስለዚህ ተረቱ የተወለደው እዚሁ እኛ አካባቢ ነው ባይ ነኝ፣ ጎንደሬዎች ይቅር በሉኝ። ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ የአክስቴን በርጩማ ነው የማመጣው።

ዋናው ነገር ግን ቅልም ይሁን ዶሮ ብብቷ ሙሉ መሆኑ ነው። አሁን ሄይንዚን በዚህ መዝኑት። በ2000 (የሆኪውን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩት) የሰሜን አሜሪካው ሊግ ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ ሲመርጡ ሞንትሪያል በ13ኛ ምርጫ ወሰደው፣ በ2005 ዌቨር በሚሉት፣ አንዱ ክለብ የለቀቀውን ሌላው በሚያነሳበት አሠራር ሜዳ ላይ ጣለውና ኮለምበስ አነሳው። እዛ አገር ክለቡ ሊሸጥህ ወይ ሊለውጥህ ሲፈልግ ውልህ ላይ የሚከለክለው አንቀጽ ከሌለ ማንም ፈቃድህን አይጠይቅም፣ ጠዋት ልምምድ የሠራህበትን ከተማ ማታ ሻንጣ ይዘህ ትለቃለህ። አትላንታ እያለ ደግሞ ሰውዬው ዝም ብሎ ተቀምጦ ክለቡ ራሱ በ2011 ተሽጦ ወደ ዊኒፔግ ሄደ፣ ቤቱ ነው ከነቆጡ የተነሳበት። ምን ለማውረድ ተንጠራራ ልትሉ ነው?

በ2008 ኮለምበስን ለቆ ከአትላንታ ጋር ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርም ነው ትሉኝ ይሆናል፣ ምክንያቱም ኮለምበስ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለው የዋንጫ ጥሎ ማለፍ፣ የገባው በዓመቱ በ2009 ነው፣ አትላንታ ደግሞ የገባው እሱ ከመምጣቱ በፊት በ2007 ነው፣ ከዛ በኋላ እስኪሸጥ አልገባም። ዕድል ስትጠምም እንዲህ ነው። ግን እኮ የኮለምበስ ውሉ አልቋል፣ ብብቱ ባዶ ነው፣ ባዶ ብብት ምን ይጥላል? በዚህ ሁኔታ አንድም ፕሌይኦፍ ሳይጫወት 907 የመደበኛ ውድድር ጨዋታ አደረገ፣ በሊጉ ታሪክ እንደሱ የጠበቀ አልነበረም። በ2017 የካቲት ላይ ካሮላይና ለፒትስበርግ አሳልፎ ሰጠው፣ በዛው ዓመት የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን በሉ፣ ካፒቴኑ ሲድኒ ክሮዝቢ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ መጀመሪያ ያቀበለው ለሱ ነው።

ሆኪ ላይ መተረት ካማራችሁ ቦታው ሌላ ነው። ተከላካይ ቡድኑ ሲያጠቃ የተጋጣሚው ክልል የሚጀምርበት ሰማያዊ መስመር ላይ ይቆማል፣ ፓክ የሚሉት የጎማ ክብ በግድግዳው ጥግ እየተንሸራተተ ሊወጣ ሲል ወደፊት ሮጦ ልንጠቀው ወይስ ወደኋላ ልመለስ የሚለውን በዓይን ጥቅሻ ይወስናል። ሮጦ ካገኘው ማጥቃቱ ቀጠለ፣ ከሳተው ግን ከኋላው ሁለት አጥቂ በአንድ ተከላካይ ላይ እየበረረ ነው፣ ሜዳው 61 ሜትር ብቻ ስለሆነ ተመልሶ የሚደርስበት ጊዜ የለም። ኋላውን የመጠበቅ ኃላፊነት ብብቱ ስር ነበር፣ ፊት ያለችውን አወርድ ሲል ጣለው። እዚህ ላይ ተርቱ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

አሁን ግን ሰው ከተንቀሳቀሰ በቃ ይተረትበታል። መሥሪያ ቤት ቀየረ የቆጡን፣ ሰፈር ቀየረች የቆጡን፣ ተባሮ ሌላ ሥራ የሚፈልገውን እንኳን አይምሩትም። ሬዲዮ ላይ ሳይቀር ስለ ተጫዋች ዝውውር በተወራ ቁጥር እሷኑ ነው የሚያነሱት፣ ተጫዋቹ ውል ይኑረው አይኑረው የሚያጣራ የለም። አሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርን ገና ፕሪሚየር ሊግ በገባበት ዓመት ሻምፒዮን አድርጎ ወደ መቀሌ 70 እንደርታ ሲሄድ ያቺኑ ተረት እዚሁ ከተማ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ በ2011 ዓ.ም. መቀሌም ዋንጫውን ሲያነሳ የተረተው ሰውዬ የት እንደነበረ እሱ ያውቃል።