በራችሁ በሐምሌ አልዘጋ የሚለው ለምንድን ነው? ስለ እንጨት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እንጨት አንዴ ከደረቀ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም።» ባሕር ዳር ውስጥ ይህን ያልነገረኝ አናጢ የለም ማለት ይቻላል። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ይህን በሰማሁ ቁጥር እናደዳለሁ። የሚከስረው ገንዘብ ከፍሎ የሚያሠራው ሰው ነዋ!

ትንንሾቹን ላስቀድም።

«ክሪስታል የሚያብረቀርቅ ነገር ነው።» አይደለም። አተሞቹ ወይም ሞለኪውሎቹ በሥርዓት እየተደጋገሙ የተደረደሩበት ጠጣር ነገር ነው። «ክሪስታል» ብለን የምንገዛው ብርጭቆ ክሪስታል አይደለም፤ እንጨት ውስጥ ግን አለ።

«ታንኳ የሚንሳፈፈው ደንገል ከውሃ ስለሚቀል ነው።» የሚያንሳፍፈው ውስጡ ያለው አየር ነው። የደንገሉ ገላ የተሠራበት ሴሉሎስ ከውሃ አንድ ጊዜ ተኩል ይከብዳል። ጣና ዳር ታንኳውን አቁመው ፀሐይ የሚያስመቱት የጠጣው ውሃ እንዲወጣለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ፈረንሳዊው አንሰልም ፓየን በ1838 እ.ኤ.አ. ከእንጨት የለየው ሴሉሎስ ረጅም የግሉኮስ (የስኳር ዓይነት) ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቶቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው፣ በሃይድሮጂን ቦንድ (በሃይድሮጂን በኩል በሚፈጠር መሳሳብ) ተያይዘው ቀጫጭን ክሮች ይሠራሉ። አንድ እስር ሸንበቆ አስቡ። በሥርዓት የተደረደረው የክሩ ክፍል ክሪስታል ነው፤ ውሃ አያስገባም። ውሃ የሚገባው በክሮቹ መካከል ነው። ያኔ እስሩ ይወፍራል እንጂ አይረዝምም፤ ክሮቹ በአብዛኛው ወደ ግንዱ ቁመት ያዘነበሉ ናቸውና። ለዚህ ነው እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ በቁመቱ ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ብቻ አጥሮ፣ በወርዱ ግን ብዙ ጊዜ ከ5 በመቶ በላይ የሚጠበው። ደረቁም የአየሩን እርጥበት እየሳበ መልሶ ያብጣል፤ በራችሁ በሐምሌ አልዘጋ የሚለውም ለዚህ ነው።

እኔ ራሴ ነሐሴ ላይ የዋንዛ ጠረጴዛ አሠራሁ። አናጢው ፊቱን ዙሪያውን በሚስማርና በኮላ ጠፍሮ ያዘው። ጥር ላይ ማታ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ጠረጴዛው መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ ጣት ያስገባል። «እንጨቱ ቡዳ በልቶት ነው» አሉኝ። እንጨቱ በወርዱ ልጠብ ሲል ሚስማሩ አላስጠብብ ብሎት ነው!

ስለዚህ ስታሠሩ ተቆጣጠሩ። የጠረጴዛውን ፊት በብሎን አስይዙ፤ የብሎኑ ቀዳዳ በጣውላው ወርድ አቅጣጫ ሞላላ ይሁን። በበጋ የሚሠራ በር ከመቃኑ ጋር ትንሽ ክፍተት ይተውለት። ቫርኒሽ እርጥበትን ያዘገያል እንጂ አያግድም፤ ሲቀባም ከላይ ብቻ አይደለም፣ ከታችም ነው። አንድ ወገን ብቻ የተቀባ ጣውላ ይጎብጣል።