የክትትል ምርመራ በድሬዳዋ፦ በየስንት ጊዜው?

በድሬዳዋ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል በድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል፣ በሳቢያን ሆስፒታል፣ በጤና ጣቢያዎችና በግል ክሊኒኮች ይሰጣል። ስኳር ያለበት ሰው ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ሻይም ሆጃም ሳይቀምስ ላብራቶሪ ይደርሳል፤ ደም ሰጥቶ ክርኑን ጥጡ ላይ አጥፎ ውጤቱን ይጠብቃል። የሚቀጥለው ምርመራ ግን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ቀጠሮ ስለደረሰ ወይም መድኃኒት ስላለቀ ነው። መለኪያው መሆን ያለበት የሚመረመረው ነገር በሰውነት ውስጥ የሚለወጥበት ፍጥነት ነው።

«የሦስት ወር ስኳር» የሚባለውን እንይ። ስኳር ቀይ የደም ሴል ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል፤ ሴሉ የሚኖረው 120 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ያለፉትን ከ2 እስከ 3 ወራት አማካይ ይናገራል። ስኳሩ ላልተስተካከለ ወይም መድኃኒት ለተቀየረለት በየ3 ወሩ፣ ለተረጋጋ በዓመት 2 ጊዜ ይበቃል። በየወሩ ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው። ወባ በሚመላለስበት በዚህ ከተማ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ወባ ቀይ ሴሎችን ስለሚያፈርስ ውጤቱ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። በቅርቡ ወባ የታመመ ሰው ለሐኪሙ ቢነግር ይበጀዋል።

የታይሮይድ መድኃኒት መጠን ሲቀየር ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቀድሞ የተሠራ ምርመራ ያሳስታል። ኢናላፕሪል የተባለውን የግፊት መድኃኒት ለጀመረ ታካሚ ግን ኩላሊትና ፖታሲየም በ1 ወይም 2 ሳምንት ውስጥ ይታያሉ። በሙቀቱ ላይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከተጨመረ ቀጠሮ አይጠበቅም። ኤችአይቪ ላይ የቫይረስ መጠን መድኃኒት በተጀመረ በ6 እና በ12 ወር፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ይለካል።

ግፊት በየቀጠሮው ቢለካ ጉዳት የለውም፤ ሰዓቱ ግን ይታሰብበት። ጫት ግፊትንም የልብ ምትንም ከፍ ያደርጋል፤ ከበርጫ ተነስቶ የመጣን ሰው ለክቶ ወዲያው መድኃኒት መጨመር ችኮላ ነው።

«ፉል ቼክአፕ» ለሚወዱ ደግሞ ሒሳቡ ይህ ነው። የላብራቶሪ «ኖርማል» ክልል የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ 95 በመቶ ጤነኞችን እንዲይዝ ተደርጎ ነው። እርስ በርስ የማይያያዙ 20 ምርመራዎች ለአንድ ጤነኛ ሰው ቢሠሩ፣ ቢያንስ አንዱ ከክልሉ የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ ድጋሚ ደም፣ አልትራሳውንድ፣ ሌላ ቀጠሮ፤ ከዋሂል ወይም ከቢዮ አዋሌ ለሚመጣ ገበሬ ደግሞ በየቀጠሮው የመኪና ሒሳብና የአንድ ቀን ሥራ።