ሌክቲን አንቲቦዲ ነው እንዴ?

አይደለም፤ ግን ሁለቱ መምታታቸው አይገርምም። አንቲቦዲ ሰውነት ወራሪ ጀርምን ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ሌክቲን ደግሞ በሴሎች ገጽ ላይ ያሉትን የስኳር ሰንሰለቶች ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ይይዛል እንጂ አይቆርጥም፤ መቁረጥ የኢንዛይም ሥራ ነው። አንቲቦዲ ለገጠመው ወራሪ ተብሎ ሲዘጋጅ፣ የሌክቲን ቅርጽ ግን ከመጀመሪያው በዘረመል የተወሰነ ነው። አንቲቦዲ የሌላቸው ነፍሳትና ዕፅዋት ጭምር የሚጠቀሙበት ለዚህ ነው።

በደማችን የሚዘዋወረውን ማኖስ ያዥ ሌክቲን እንውሰድ። ማኖስ የሚባለው ስኳር በእኛም ሴሎች ላይ አለ። ታዲያ ለምን ራሳችንን አያጠቃም? የእኛ ሰንሰለቶች ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ሲያሊክ አሲድ በተባለ ሌላ ስኳር ስለሚሸፈን ነው። በፈንገሶችና በብዙ ባክቴሪያዎች ላይ ግን ማኖስና መሰሎቹ ተጋልጠው፣ ተቀራርበው ይገኛሉ። የሌክቲኑ አንድ ራስ (ስኳሩን የሚይዘው ክፍል) ብቻውን ሲይዝ ይላላል፤ ብዙ ራሶች አብረው ሲያርፉ ግን በቀላሉ አይላቀቁም። ያኔ ኮምፕሊመንት የተባሉት በደም ውስጥ ያሉ የመከላከያ ፕሮቲኖች ተራ በተራ ይነቃሉ፤ ወራሪው ወይ ይበሳል፣ ወይ በነጭ የደም ሕዋስ ይዋጣል።

ሁሉም ሌክቲን ግን ለመከላከያ የተሠራ አይደለም። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሄማግሉቲኒን በተባለው የራሱ ሌክቲን ያንኑ ሲያሊክ አሲዳችንን ጨብጦ ወደ ሴል ይገባል።