«የአገር አንደኛ ምልምል» ምንድን ነው?

በአሜሪካ የሴቶች ቅርጫት ኳስ «የአገር አንደኛ ምልምል» የምትባለው፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለቡድናቸው ከሚመለምሏቸው እኩዮቿ ሁሉ ቀድማ የተቀመጠች ልጅ ናት። ደረጃውን የሚያወጡት ዩኒቨርሲቲዎቹ አይደሉም። እንደ ኢኤስፒኤን ያሉ መገናኛ ብዙኃን ባለሙያዎች ሐምሌ ላይ ከአንዱ የክለብ ውድድር ወደ ሌላው እየዞሩ ቁመቷን፣ ፍጥነቷንና ውርወራዋን ይመዝናሉ፤ ከዚያም መቶ ስሞችን በቅደም ተከተል ይደረድራሉ።

ግምቱ ይሠራል ወይ? ከላይ ላሉት ስሞች፣ በአብዛኛው አዎ። የ2012 (እ.ኤ.አ.) አንደኛዋ ብሪያና ስቱዋርት ከኮኔክቲከት ዩኒቨርሲቲ ጋር በአራት ዓመት አራት ዋንጫ አነሳች። የ2014 አንደኛዋ ኤጃ ዊልሰን ከተወለደችበት ግዛት ሳትወጣ፣ ሳውዝ ካሮላይናን በ2017 ለመጀመሪያው የአገር ዋንጫ አበቃች። በእርግጥ ደረጃው ራሱም ያግዛል። ከፍ ያለ ደረጃ ያላት ልጅ ጠንካራ ቡድን ትገባለች፣ ጥሩ አሰልጣኝ ታገኛለች፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮም ትሰለፋለች።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ግን ከ2020 ምልምሎች የተሻለ የለም። አንደኛ ፔጅ ቤከርስ፣ ሁለተኛ ኤንጅል ሪስ፣ ሦስተኛ ካሜሮን ብሪንክ፣ አራተኛ ኬትሊን ክላርክ። ብሪንክ ገና በመጀመሪያ ዓመቷ ከስታንፎርድ ጋር ዋንጫ ወሰደች። ሪስ ዩኒቨርሲቲ ቀይራ በ2023 ከሉዊዚያና ስቴት ጋር ክላርክን በፍጻሜው አሸነፈች። ቤከርስ በመጀመሪያ ዓመቷ የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለች፤ በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ ግን ጨዋታ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው ኳስ እየነዳች ጉልበቷ ከዳት፣ ተሸክመው ከሜዳ አወጧት። በ2022 ክረምት ደግሞ የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት አለፋት። ዋንጫውን የጨበጠችው በ2025 ነው። ከአራቱ አንደኛዋ፣ ከሦስቱ ባለ ዋንጫዎች የመጨረሻዋ ሆነች።

አራተኛዋ ክላርክ በትውልድ ግዛቷ በአይዋ ቀረች። የካቲት 2024 ላይ የኤንሲኤኤን (ዋናውን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ማኅበር) የሴቶች የነጥብ ክብረ ወሰን ለመስበር 8 ነጥብ ቀርቷት ገባች፤ ጨዋታው በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከመሀል ሜዳው ዓርማ አጠገብ ወርውራ ሰበረችው። ዩኒቨርሲቲውን ስትለቅ 3,951 ነጥብ ነበራት፤ በኤንሲኤኤ ከፍተኛው ምድብ በወንድም በሴትም ከዚያ በላይ ያስቆጠረ አልነበረም። የአገር ዋንጫ ግን አላነሳችም። ከሷ በፊት የተጠሩት ሦስቱ አንስተዋል። ታዲያ ደረጃ አውጪዎቹ ተሳሳቱ? እኔ አልልም። በአንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ላይ የሚታየውን አይተዋል፤ የጉልበት ጅማት ከዚያ ውስጥ የለም።

የልብ ነገርም እንደዚያው። የ2008 አንደኛዋ ኤሌና ዴሌ ዶን ሁሉም የሚመኘው ኮኔክቲከት ገብታ በሁለት ቀን ጥላው ወጣች። ታላቅ እህቷ ሊዚ አታይም፣ አትሰማም፤ ሰው የምትለየው በመዳሰስና በማሽተት ነው። ለእንዲህ ያለች እህት ከሩቅ ስልክ አይደወልላትም። ኤሌና ለቤቷ ቅርብ የሆነው ደላዌር ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ አንድ ዓመት መረብ ኳስ ተጫወተች፣ ከዚያ ወደ ቅርጫት ኳሱ ተመለሰች። በ2013 የሴቶቹ ፕሮፌሽናል ሊግ ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን በተራ ሲመርጡ ሁለተኛ ሆና ተመረጠች፤ በ2015 እና በ2019 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነች።