የሰው ሠራሽ ኦፒዮይዶች ድንበር ተሻጋሪ ዝውውርና የአሜሪካ ሕጎች

ሰው ሠራሽ ኦፒዮይዶች ከፖፒ ተክል የማይወጡ፣ ከኬሚካል ብቻ የሚቀመሙ ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። በጣም የታወቀው ፌንታኒል ነው። የቤልጅየማዊው ሐኪም ፖል ያንሰን ቤተ ሙከራ በ1960 ገደማ የሠራው ሲሆን (ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬም በቀዶ ሕክምና ክፍል የማይታጣ መድኃኒት ነው። ኃይሉ የሞርፊንን ወደ 100 እጥፍ ይጠጋል። ያልለመደውን ሰው 2 ሚሊ ግራም ሊገድለው ስለሚችል አንድ ኪሎው በስሌት ግማሽ ሚሊዮን ሰው ይፈጃል ማለት ነው። ሕግ አውጪዎችን የፈተነውም ይኸው ነው፤ ሄሮይን በጆንያና በመኪና ሲጓጓዝ ፌንታኒል በፖስታ ይገባል። በ2022 በአሜሪካ ከመጠን በላይ ዕፅ ወስደው ከሞቱት 108,000 ገደማ ሰዎች ውስጥ 74,000 ያህሉ ሞት ሰው ሠራሽ ኦፒዮይድ ነበረበት።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በ1979 መጣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ «ቻይና ዋይት» እየተባለ የሚሸጥ፣ የፌንታኒልን ቅመም ጥቂት በመለወጥ የተሠራ ዱቄት ሰው መግደል ጀመረ። ዱቄቱ በተከለከሉት ዕፆች ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረ በ1986 ኮንግረስ ከተከለከለ ዕፅ ጋር የተመሳሰለንም የሚያስቀጣ ሕግ አወጣ። በ2006 ሜክሲኮ ቶሉካ ውስጥ አንድ ሕገ ወጥ ቤተ ሙከራ ተዘጋ፤ በማግስቱ ዓመት መነሻ ኬሚካሉ ኤንፒፒ በአሜሪካ ቁጥጥር ስር ዋለ።

የዘመናችን ሕጎች ታሪክ በዋናነት የፖስታ ታሪክ ነው። የ2002 የንግድ ሕግ የግል ፈጣን መልእክት ድርጅቶች ጥቅሉ ከመድረሱ በፊት ላኪውን፣ ተቀባዩንና ይዘቱን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለጉምሩክ እንዲያሳውቁ አስገደደ። የመንግሥት ፖስታ ግን ጉዳዩ በባለሥልጣናት እንዲወሰን ተብሎ ታለፈ። ያ ክፍተት ለ16 ዓመታት ሳይደፈን ቆየ። በጥር 2018 የሴኔቱ የምርመራ ንዑስ ኮሚቴ ያወጣው ሪፖርት የክፍተቱን ስፋት አሳየ። መርማሪዎቹ ገዢ መስለው በኢንተርኔት ፌንታኒል የሚሸጡ ሰዎችን ሲያነጋግሩ፣ ሻጮቹ ዕቃው እንደሚደርስ እያረጋገጡ በመንግሥት ፖስታ መላክን መረጡ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። በየቀኑ ከሚጎርፈው ጥቅል መካከል የትኛው እንደሚከፈት የሚጠቁም መረጃ በጉምሩክ ሠራተኞች እጅ አልነበረም። በዚያ ዘመን በኒውዮርኩ የጆን ኤፍ ኬኔዲ አየር ማረፊያ የፖስታ ማዕከል ከጥቅል ክምር ፊት ቆመው በእጅ፣ በውሻና በኤክስሬይ ሲፈትሹ የነበሩት ሠራተኞች ሊመሰገኑ ይገባቸዋል፤ ስለ ሕጎቹ ሲጻፍ ግን እምብዛም አይነሱም።

በዚያው በጥር 2018 የወጣ አንድ ሕግ ለጉምሩክ ተንቀሳቃሽ የኬሚካል መመርመሪያ መሣሪያ እንዲገዛ ፈቀደ። ዋናው ሕግ፣ በአጭር ስሙ «ስቶፕ» የሚባለው፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ከሰፊው የኦፒዮይድ ሕግ ጋር ተፈረመ። በሴኔት የገፉት የኦሃዮው ሮብ ፖርትማንና የሚኒሶታዋ ኤሚ ክሎበቻር ነበሩ። እስከ 2018 መጨረሻ ከውጭ ከሚገባው ጥቅል 70 በመቶው፣ ከቻይና የሚመጣው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቅድመ መረጃ እንዲኖረው፣ እስከ 2020 መጨረሻ ከየትኛውም አገር የሚመጣው ሁሉ እንዲሁ እንዲሆን አዘዘ። የመጀመሪያው ቀነ ገደብ ግን አልተከበረም። በአንድ ዓመት ውስጥ ይወጣል የተባለው የጉምሩክ ደንብም እስከ መጋቢት 2021 ዘገየ። ይህን ሁሉ መዘግየት በፖስታ ቤቱ ላይ ብቻ መጫን ተገቢ አይመስለኝም። መረጃው የሚነሳው ከላኪው አገር መስኮት ነው፤ ብዙ አገሮች ደግሞ ቅጹን በወረቀት ይሞሉ ነበር። ሕጉም አቅማቸው ውስን፣ ሥጋታቸውም ዝቅተኛ ለሆኑ አገሮች ቅድመ ሁኔታውን የማንሳት ሥልጣን ሰጥቷል። ከአዲስ አበባ ለዋሽንግተን ዘመዱ ጥቅል የሚልክ ሰው የዕቃውን ዓይነት፣ ክብደትና ዋጋ ለይቶ እንዲያስመዘግብ የሚጠየቅበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ግንቦት 1 ቀን 2019 ቻይና የፌንታኒል ዝርያዎችን በሙሉ በአንድነት ከለከለች። ከዚያ ወዲህ በቀጥታ በፖስታ የሚመጣው ፌንታኒል በእጅጉ ቀነሰ። ንግዱ ግን መንገድ ቀየረ። መነሻ ኬሚካሎች ወደ ሜክሲኮ መጓዝ ጀመሩ፤ የሲናሎአና የሃሊስኮ የሚባሉት የሜክሲኮ ዕፅ አዘዋዋሪ ቡድኖች ፌንታኒሉን እየሠሩ፣ ክኒን እያደረጉ በምድር ድንበር አስገቡት። ሕጉም ወደ ገንዘቡ ዞረ። በታኅሣሥ 2019 የፌንታኒል ማዕቀብ ሕግ ወጣ። ሚያዝያ 24 ቀን 2024 የተፈረመው «ፌንድ ኦፍ ፌንታኒል» ደግሞ ዝውውሩን ብሔራዊ የአደጋ ጊዜ ጉዳይ ብሎ አወጀ፤ የአሜሪካ ግምጃ ቤት የዕፁን ገንዘብ የሚያጥቡ ባንኮችን ከአሜሪካ የገንዘብ ሥርዓት እንዲያገልልም ኃይል ሰጠው። ይህ ሥልጣን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰኔ 2025 በሦስት የሜክሲኮ ተቋማት፣ በሲአይባንኮ፣ በኢንተርካምና በቬክተር ላይ ዋለ። ተቋማቱ ውንጀላውን አስተባብለዋል።

ብዙ ያከራከረው ቅመሞችን በጅምላ መከልከል ነው። የአሜሪካ የዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በየካቲት 2018 ፌንታኒል መሰል ቅመሞችን ሁሉ ለጊዜው በሰንጠረዥ 1፣ ማለትም እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግባቸው ዕፆች ዝርዝር አስገባ። ኮንግረስ ጊዜያዊውን ትእዛዝ ደጋግሞ ካራዘመ በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 2025 በተፈረመው «ሆልት ፌንታኒል» ሕግ ቋሚ አደረገው። ሴኔቱ 84 ለ16፣ የተወካዮች ምክር ቤት 321 ለ104 ድምፅ ሰጥተዋል። በሕጉ መሠረት ቅመሙ ያለበትን 10 ግራም ዱቄት ማዘዋወር ቢያንስ 5 ዓመት፣ 100 ግራም ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈርዳል። ተቃዋሚዎቹ ምርምርን ያደናቅፋል፣ ዋናውን ነጋዴ ትቶ ተላላኪውን እስር ቤት ይከታል ይላሉ። በ2024 በአሜሪካ ከመጠን በላይ ዕፅ ወስደው የሞቱት ቁጥር ወደ 80,000 ዝቅ ብሏል። ለዚህ ናሎክሶን የተባለው የኦፒዮይድ ማርከሻ መድኃኒት መዳረስ፣ የሕክምና መስፋፋትና የአቅርቦት መዳከም በምክንያትነት ይጠቀሳሉ፤ የየአንዳንዱ ድርሻ አሁንም አከራካሪ ነው። የጉምሩክና የፖስታ መርማሪዎች ሥራም ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

ከእነዚህ ብሔራዊ ሕጎች በላይ የ1961፣ የ1971 እና የ1988 የተባበሩት መንግሥታት ስምምነቶች አሉ። ኢትዮጵያም የሦስቱ አባል ናት። የፌንታኒል መነሻ ኬሚካሎቹ ኤንፒፒና ኤኤንፒፒ በ2017፣ ኖርፌንታኒልን ጨምሮ ሌሎች ሦስት ኬሚካሎች ደግሞ በ2022 በ1988ቱ ስምምነት ሰንጠረዥ ገብተዋል፤ ስለዚህ እነዚህን መቆጣጠር የአገራችን ጉምሩክና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ግዴታ ጭምር ነው። በአገር ውስጥ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) አንቀጽ 525 አደገኛ ዕፅ ማምረትና ማዘዋወርን ይቀጣል።

አሁን ትኩረት እየሳቡ ያሉት ናይታዚኖች የሚባሉት ሌሎች ሰው ሠራሽ ኦፒዮይዶች ናቸው። በ1950ዎቹ በስዊዘርላንድ የተሠሩ ቢሆኑም ለሕክምና አልዋሉም፤ አንዳንዶቹ ከፌንታኒልም ይበረታሉ። የፌንታኒል ዝርያ ስላልሆኑ የ2025ቱ የአሜሪካ ሕግ አይነካቸውም፤ እዚያ የሚከለከሉት አንድ በአንድ ነው። ቻይና በዚያው ዓመት በሐምሌ በጅምላ ከልክላቸዋለች።